ደረቅ መስታወት

የመኪናችን መስታወት መጥረጊያ ዝናብ በሌለበት ሲሠራ መጀመሪያ የሰማሁት በጥቅምት ነው። ክረምቱ ከወጣ ሰንብቷል፤ ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም። ከላሊበላ ተነሥተን ወደ ጋሸና ዳገቱን እየወጣን ነበር። አባቴ መሪውን ይዘዋል፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ፣ ሚኒባሱን የሞላው ተሳፋሪ ከኋላችን ወሬውን ይዟል። በድንገት ሁለቱ መጥረጊያዎች ተነሡና ደረቁን መስታወት ይፍቁት ጀመር። ጥርስ የሚያጠርስ ድምፅ ነው። ወሬው ሁሉ ተቋረጠ።

«አባዬ፣ ምን እየጠረጉ ነው?» አልኳቸው።

«አቧራ ነዋ! ይኼ መንገድ መች አቧራ ያጣል?»

መስታወቱን ያን ዕለት ጠዋት ያጠብኩት ራሴ ነኝ። በሳሙና አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ ፊቴን እስካይበት ድረስ ወልውዬዋለሁ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «እኔ ባጠብኩት መስታወት ላይ ለመቀመጥ እኮ አቧራውም ትንሽ ያፍር ነበር» አልኩ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ አባቴም ሳቁና መጥረጊያውን አጠፉት። ነገሩ በሳቅ አለፈ።

በሳምንቱ ደግመው አበሩት። አሁንም ፀሐይ ነው፣ አሁንም መስታወቱ ንጹሕ ነው። ገና ሁለት ወር ሳይሞላው የመጥረጊያው ጎማ አልቆ ብረቱ መስታወቱን ይቧጭረው ጀመር። አዲስ ጎማ ገዝተው አስገጠሙ። «የዘንድሮ ዕቃ እኮ አይረባም» አሉ።

ስለ አባቴ እጅ ካልተናገርኩ ሌላው አይገባም። አባቴ መኪና ከመያዛቸው በፊት የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዳዊቱን ጨርሰው ዜማ ቤት ገብተው ሳለ ነው የጭነት መኪና ልባቸውን የወሰደው። ከየኔታ ዘንድ ይዘውት የወጡት አንድ ነገር ቢኖር በቃል መያዝ ነው። ለእሳቸው አንድን ነገር ማወቅ ማለት መጽሐፉ ተዘግቶ መድገም ነው፤ ገጹን እያየ የሚያነብ ሰው ገና አላወቀውም። እኔንም መኪና ያስተማሩኝ በዚሁ ሥርዓት ነው።

ሌላው አስተማሪ ተማሪውን ሜዳ ወስዶ ያስነዳል። እሳቸው ግን መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ እንደቆመች፣ ሞተሯ ሳይነሣ፣ መሪው ላይ አስቀመጡኝና ዓይኔን በእናቴ ሻሽ አሰሩት። ከመሪው ሥር በግራና በቀኝ የወጡ ሁለት ዘንጎች አሉ። የግራው ፍሬቻና መብራት ነው፣ የቀኙ መጥረጊያ። እሳቸው ውጭ ቆመው መስኮቱ ላይ እየተደገፉ ይጠሩልኛል፤ እኔ መዳፌን ከመሪው ሳላነሣ በጣቴ ጫፍ እየፈለግሁ እመልሳለሁ።

«ግራ ፍሬቻ!» ወደ ታች።

«ቀኝ!» ወደ ላይ።

«ከፊት ለፊት መኪና መጣብሽ፤ ረዥሙን መብራት አጥፊለት!» ወደ ራሴ ሳብ።

«የጭነት መኪና ጭቃ ሊረጭሽ ነው!» መጥረጊያ። ከዘገየሁ ይቆጣሉ። «ከረጨሽ በኋላማ ምን ያደርግልሻል? በጭቃ ተሸፍነሽ ገደል ከገባሽ በኋላ ነው ወይ የምትጠርጊው?» ስሳሳት ልክ እንደ የኔታ «ከመጀመሪያው!» ይሉኛል፤ እኔም ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

አንድ ቀን «ጉም ውስጥ ገባሽ» አሉኝ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ረዥሙን መብራት አበራሁ። እንደዚያ ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም።

«ጉም ላይ ረዥም መብራት ካበራሽ ብርሃኑ ተመልሶ አንቺኑ ነው የሚያሳውርሽ። አጭሩን! ደግሞ ስሚኝ፣ ጉም ውስጥ መብራት የሚበራው ለማየት ብቻ አይደለም፤ ለመታየት ነው። አንቺ ሰውየውን ባታዪው እንኳ እሱ አይቶሽ ይሽሽ። መብራት ሳያበሩ ጉም ውስጥ መግባት ሰው ለመግደል መውጣት ነው።»

ዓይኔ እንደታሰረ ሁሉንም አንድ ሳልሳሳት ያደረስኩ ዕለት ሻሹን ፈቱልኝ። «በይ፣ አሁን ማየት ትችያለሽ» አሉኝ።

በዚያ ትምህርት መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ላሊበላ ውስጥ የአንድ ሆቴል እንግዶችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ማመላለስ ጀመርኩ። ሴት ሹፌር ናት እያሉ ፎቶ ያነሡኝ ነበር። በኋላ እንግዳው ቀረ፤ መጀመሪያ በበሽታው፣ ቀጥሎ በጦርነቱ፣ ከዚያ ደግሞ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ እየተዘጋ። ሆቴሉ በሩን ሲዘጋ ወደ አባቴ ሚኒባስ ተመለስኩ፤ ሒሳብ ሰብሳቢ፣ ዕቃ ጫኝ፣ ጠብ አብራጅ ሆንኩ። መሪውን ግን አላስነኩኝም። ደክሟቸው እንኳ «አምጡ ልንዳልዎ» ስል «እኔ እያለሁ?» ይሉኛል፤ በዚያው ያልቃል።

የኛ መንገድ ሹፌሮች ሲተላለፉ በመብራት ሰላም ይባባላሉ። የመብራቱን ዘንግ ወደ ራስ ሳብ፣ ለቀቅ፤ ያኛውም ሳብ፣ ለቀቅ። ሰላምታው ለሚተዋወቁ ነው። አባቴ ዱሮ ማን እንደመጣ ከሩቅ ለይተው፣ ለወዳጃቸው ያበራሉ፣ ላኮረፉት አያበሩም። ያን ዓመት ግን ለመጣው ሁሉ ያበሩ ጀመር። ለአምቡላንስም፣ ለመንግሥት መኪናም፣ ፊቱን አይተው ለማያውቁት መንገደኛም ያበራሉ። ጋሸና ምሳ ቤት ውስጥ አንድ ሹፌር በተሳፋሪ ፊት «አባትሽ ዘንድሮ ሰው ወዳድ ሆነዋል» አለኝ። «ትናንት ተበላሽቶ ዳር ለቆመ የጭነት መኪና መብራት እያበሩ ሰላም ሲሉ አየኋቸው። ሹፌሩ እኮ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ብሎን እየፈታ ነበር!» ምሳ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። 

ከዚያ በኋላ ነገሮችን ማየት ጀመርኩ። የሹፌሩ መስኮት ለምሳሌ፣ መቼም አይዘጋም። የጋሸና ብርድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ተሳፋሪዎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው «ኧረ አባባ፣ ይዝጉልን፣ በቁር አለቅን!» እያሉ ይለምናሉ። እሳቸው «ሞተሩን ልስማበት» ይላሉ። ሞተሩ እኮ እግራቸው ሥር ነው፤ መስኮት ዘግቶም ይሰማል።

አንድ ማለዳ እናቴ ሽንብራ እየለቀመች አገኘኋትና የአባቴን ነገር ፊት ለፊት ጠየቅኳት። ቀና አላለችም።

«የዓይን ሞራ ነው» አለች። «የግራው ከጠፋ ቆየ፣ የቀኙም እየተከተለው ነው። በየማለዳው በጠበል ያብሱታል። ይሻላቸዋል።»

«እማዬ፣ ሰው ጭነው እኮ ነው የሚነዱት!»

«መንገዱን ያውቁታል።»

«ቢያውቁትስ? ላም ብትወጣ፣ ልጅ ቢወጣ?»

ያኔ ቀና አለች። «ስሚ፣ አንቺ ልጅ። አባትሽን ከዚያ ወንበር ካወረድሻቸው እዚህ መደብ ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ሊያዩ ነው? እሱንም ላያዩት ነው። በዓመታቸው ትቀብሪያቸዋለሽ።»  እጇ ግን ሽንብራውን መልቀም አላቆመም።

እናቴ የአባቴን ቀብር ነበር የምታየው። እኔ የሚታየኝ የሌላ ሰው ነው። ከመኪናችን ሥር የሚወጣ የማላውቀው ሰው፤ አንዳንዴ ሴት፣ አንዳንዴ ልጅ። ሌሊት ሌሊት ያባንነኝ ጀመር። በእናቴም በአባቴም ተናደድኩ። ሁለቱ ተማምለው ያን ሁሉ ተሳፋሪ በአንድ ጠርሙስ ጠበል ላይ ያሳፈሩት መሰለኝ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ።

በነጋታው ራሳቸውን ያዝኳቸው። ጎማ እየነፉ ነበር። «ዓይንዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው። ነገሩ ወዲያው ገባቸውና ፊታቸው ጠቆረ።

«ከጋሸና እስከ ፍላቂት ያለውን ኩርባ ልቁጠርልሽ?» አሉ። መልሴንም አልጠበቁም። «ከጋሸና ወጥተሽ መጀመሪያ ወደ ግራ ለስለስ ያለ፤ ከባሕር ዛፉ ዘንድ ወደ ቀኝ ጥብቅ፤ ከዚያ ትንሿ ድልድይ፣ ድልድዩን ስትጨርሺ ግራው ተሸርሽሯል፣ ወደ መሀል ያዢ፤ ከዚያ ሜዳ፣ ከሜዳው መጨረሻ የትምህርት ቤቱ በር...» እየቆዩ ሲሄዱ ድምፃቸው ዜማ ይዞ መጣ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፍላቂት ገበያ እስኪደርሱ አንድ ኩርባ አልዘለሉም፣ አንድ ድልድይ አልሳቱም።  እንዲህ የሚያውቅን ሰው «አያዩም» ብሎ መከራከር ከየት ይጀመራል?

ስለዚህ ከጎናቸው ተቀምጬ ማየቱን እኔ ያዝኩት። «ላም አለች» እላለሁ ለራሴ የማወራ መስዬ። «ባጃጅ ሊወጣ ነው።» «ያቺ ሴትዮ ልታቋርጥ ነው መሰለኝ።» ያልሰሙ መስለው ፊታቸውን አያዞሩም፤ እግራቸው ግን ነዳጁን ይለቃል። እንዲህ እንዲህ እያልን ገናን፣ ጥምቀትን አለፍን። ቤት ስገባ አንገቴ ደርቆ አይዞርልኝም።

የጉዱ መጀመሪያ በየካቲት መጣ። እየሄድን ሳለ ከመሪው ሥር የተቃጠለ ጎማ ሸተተን፤ ወዲያው መብራቱም ፍሬቻውም ጠፋ። ጋሸና ያለው መካኒክ ፈታትቶ አየውና ዘንጎቹ የተሰኩበት ማብሪያ ተቃጥሏል አለ። ተመሳሳዩ ተፈልጎ ታጣ። በመጨረሻ መሪው በቀኝ በኩል ከሆነ መኪና የተፈታ አንድ አገኘና ገጠመው። እንዲህ ባለው መኪና ላይ ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፍሬቻና መብራቱ በቀኝ ነው፣ መጥረጊያው በግራ።

«ይሠራል?» አሉ አባቴ።

«ምን ሆኖ! አንድ ሳምንት ያሳስትዎታል እንጂ ይለምዱታል» አለ መካኒኩ። «ዘንጎቹ ላይ ሥዕል አለልዎት፤ ይቺ የመብራት፣ ይቺ የመጥረጊያ። እሱን እያዩ ነው።»

አባቴ ሥዕሎቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷቸው። ጥፍር የማታክል ነጭ ቀለም ናት፤ በእጅ አትታወቅም። «ደግ» አሉ፤ ወጣን። ከጋሸና መገንጠያ ወደ ላሊበላ ለመታጠፍ እጃቸውን ወደ ግራው ዘንግ ሰደዱ፤ በጠራራ ፀሐይ መጥረጊያው ተነሣ። ምሳ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ሹፌሮች አጨበጨቡልን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢያችን ውስጥ መሪው ላይ አስቀመጥኳቸው። «ዛሬ የኔታ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሳቁና ተቀመጡ። እኔ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ጠራሁላቸው።

«ግራ ፍሬቻ!» መጥረጊያው ተነሣ።

«አጭር መብራት!» መጥረጊያው ፈጠነ።

«ከመጀመሪያው!» አልኩ፤ ከመጀመሪያው ጀመሩ። እጃቸው ዕድሜ ልኩን ያወቀውን ቦታ ትቶ ሊሄድ አልቻለም። አንዱን ሲያገኙ ሌላው ይጠፋቸዋል። ሻሽ አላሰርኩላቸውም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜም ወደ ዘንጉ አላዩም። ማየቱ እንደማይጠቅማቸው ያውቁታል። መጀመሪያ እየሳቅን ነበር፤ እየቆየ ሳቁ ከሁለታችንም ጠፋ። «በቃ፣ ይለመዳል» አሉና ወረዱ።

በመጋቢት፣ የበልጉ ዝናብ በጀመረበት ሰሞን፣ ፍላቂት ገበያ ሰው አድርሰን እየተመለስን ነበር። ወቅቱ ጾም ነው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የአባቴ የዜማ ቤት ጓደኛ፣ የገነተ ማርያም ቄስ፣ ነበሩ። ዘመድ ጠይቀው ወደ አገራቸው መመለሳቸው ነው። ከአባቴ ጀርባ ተቀምጠው፣ ትከሻቸውን መታ እያደረጉ፣ ስለ ተማሪ ቤት ረሃብና ስለ ውሻ ያወራሉ። ሁለቱ ሲሳሳቁ እኔም ለጥቂት ጊዜ ልቤ ዐረፈ።

ከፍላቂት ብዙም ሳንርቅ ጉሙ ከሸለቆው ወጣብን። እንደ ሁልጊዜው ቀስ ብሎ አልመጣም፤ አንድ ኩርባ ዞረን ስንወጣ ውስጡ ነን። ካፊያም አለው። መስታወቱ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ።

«መብራት» አልኩ።

አባቴ እጃቸውን ወደ ግራ ሰደው የዘንጉን ጫፍ አዞሩ። መጥረጊያው ሠራ። ካፊያ ስለነበረ ትክክል መሰላቸው።

«መብራት፣ አባዬ!»

«በርቷል።»

«አልበራም! እሱ መጥረጊያ ነው!»

ቀኙን ዘንግ ነኩት፤ ፍሬቻው ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይል ጀመር። መኪናዋ ትሄዳለች። መንገዱን ያውቁታል፤ ከፊታችን ወደ ቀኝ የሚጠብቅ ኩርባ እንዳለ ያውቃሉ፣ መሪውንም በልኩ እያዞሩለት ነው። እኔ ተንጠራርቼ ቀኙን ዘንግ ያዝኩና ጫፉን አዞርኩት። መብራቱ ሲበራና አባቴ ፍሬን ሲረግጡ አንድ ሆነ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ተንጋጋ። መኪናዋ ቆመች፤ ሞተሯም ጠፋ።

«ሰው አለ» አሉ አባቴ።

እኔ የማየው ነጭ ብቻ ነው። «የቱ ጋ?»

«ስሚ።»

በተከፈተው መስኮት የቃጭል ድምፅ ገባ፤ ቀጥሎ የብዙ እግር ኮቴ። ከዚያ ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት፣ ከነጩ ጉም ውስጥ፣ ነጭ ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ወጡ። አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመዋል። ሬሳውም በነጭ ተገንዟል። ቀብር ነው። መንገዱን ሞልተው፣ ከሩቅ ቀበሌ መጥተው ደክሟቸው፣ ሳያለቅሱ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ከፊት የተሸከመው ሰውዬ ድንገት የበራበትን መብራት እያየ በነጻው እጁ የመኪናዋን አፍንጫ ነካ፤ መቆሟን ማረጋገጡ ይሆን፣ አላውቅም። በእሱና በብረቱ መካከል የነበረው ያው ክንዱ ብቻ ነው።

አባቴ ወረዱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ሰዎቹ መካከል ገብተው፣ በእጃቸው እየፈለጉ፣ ቃሬዛውን ነኩና ተሳለሙ። እኔም ተከትዬ ወረድኩ። አንድ ሽማግሌ መጡ።

«እግዜር አተረፈን» አሉ። «ምነው ልጄ፣ መብራት ሳታበሩ?»

«አላየኋችሁም» አሉ አባቴ።

«ጉሙ ነው እንጂ! በዚህ ጉም ማን ማንን ያያል?» አሉና ሽማግሌው የአባቴን ትከሻ አቅፈው አጽናኑ። ሰው የሞተባቸው እሳቸው፣ የሚያጽናኑት የእኛን አባት! ያንን ምሕረት መሸከም አልቻልኩም፤ ጉሙ አይደለም ብዬ መጮህ አማረኝ። ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ለሟቹ ፍትሐት ካደረሱ በኋላ አባቴን ወደ መንገዱ ዳር ወሰዷቸው። ከጎናቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

«ወንድሜ» አሉ፣ «እኔም ዳዊቱን በቃሌ ነው የምደግመው፤ ዓይኔ ፊደሉን ካየ ቆየ። ግን ዳዊት ላይ ሰው አይወጣበትም።»

አባቴ ጎንበስ አሉ። ቄሱ ግንባራቸውን በመስቀል ነኳቸው፤ «እኔ ከሰዎቹ ጋር ልሂድ፣ ካህን አንሷቸዋል» አሉና ከቀብረኞቹ ጋር ወደ ጉሙ ገቡ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች መውረድ ጀመሩ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ከኋላ መብራቱን አብርቶ ቀስ ብሎ የመጣ ሌላ ሚኒባስ አጠጋግቶ ጫናቸው።

ሁለታችን ቀረን። ጉሙ እየሳሳ ነው። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ቆሜያለሁ። አባቴ እጃቸውን በመኪናዋ ገላ ላይ እያስኬዱ በፊት በኩል ዞሩ፤ በኔ በኩል ያለውን በር ከፈቱና የእኔ ቦታ ላይ ተቀመጡ። መስኮቱን ዘጉት።

መሪውን ያዝኩ። አጭሩን መብራት እንደበራ ትቼ በዝግታ ነዳሁ። ኩርባዎቹ እሳቸው እንደቆጠሩልኝ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ በየተራቸው መጡ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ጉሙ ከኋላችን ቀረና ፀሐይ ወጣች። ነፋሱ መስታወቱን አደረቀው። መጥረጊያውን አጠፋሁ።

«መንጃ ፈቃዱን ያሳደስኩ ጊዜ» አሉ አባቴ ወደ ፊት እያዩ፣ «የዓይን ምርመራ ሰሌዳውን በቃሌ ነው ያነበብኩት።»

አልገባኝም።

«ከፊቴ የተሰለፉት እየተነሡ ጮክ ብለው ያነባሉ። ሦስተኛው ሰው አንብቦ ሳይጨርስ ይዤው ነበር። ሲጠሩኝ ከላይ እስከ ታች ወጣሁት። ሐኪሙ ጎበዝ አለኝ።» ትንሽ ፈገግ አሉ። ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። «እኔም ጎበዝ መስሎኝ ነበር።»

ልናደድባቸው ፈለግሁ፤ ንዴቱ አልመጣልኝም። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለዚህ መዋሉ አሳዘነኝ።

ጋሸና ከመድረሳችን በፊት ፀሐዩ ደመናውን ሰንጥቆ በረታ። አባቴ ዓይናቸውን አጠበቡ፣ በእጃቸው መዳፍ አሹት፣ እንደገና አዩ።

«መስታወቱን እስቲ ጥረጊው» አሉኝ።

መስታወቱ ንጹሕ ነበር። ያን ጊዜ በጥቅምት እንዳሾፍኩባቸው ላሾፍ አልቻልኩም። በግራዬ ያለውን ዘንግ ነካሁት። መጥረጊያው ተነሥቶ ደረቁን መስታወት ይፍቀው ጀመር፤ ያ ጥርስ የሚያጠርስ ድምፅ መኪናዋን ሞላው። ፋቀ፣ ተመለሰ፣ ፋቀ፣ ተመለሰ። እስከ ላሊበላ ድረስ ሲጮህ ቢሄድም አላጠፋውም ብዬ ቆርጬ ነበር። አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡት።

«አጥፊው፣ ልጄ» አሉ። «መስታወቱ አይደለም።»

አጠፋሁት። 

የጋሸና መገንጠያ ጋ ስንደርስ ወደ ላሊበላ ለመታጠፍ ፍሬቻ አሳየሁ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲል ሰሙት።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት ነዋ፣ አባዬ።»

«እሱንም አጥፊው። ቀጥ ብለሽ ሂጂ።»

ቀጥ ያለው የወልድያ መንገድ ነው። ፊታቸውን አየሁት።

«ወልድያ ካለችው አክስትሽ ዘንድ እናድራለን» አሉ። «ጠዋት ሐኪም ቤት ትወስጂኛለሽ። ግን በጊዜ ቀስቅሺኝ፤ ሰልፉ ላይ ከፊቴ ሰው እንዳይኖር።»